የሚጡ ኩላሊትና የተሳሳተው ጠርሙስ

ስሟን አልጽፍም። ቤት ውስጥ «ሚጡ» ነው የሚሏት፣ እኔም እንደዚያው ልበላት። 11 ዓመቷ ነው፣ አምስተኛ ክፍል። ቤታቸው ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ። እኔ እዚያው አካባቢ ካለች ትንሽ ክሊኒክ የምሠራ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። እናቷ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደውልኛል። እንዲያውም «ይጻፉት ዶክተር፣ ሌላው እንዳይጉላላ» ነው ያሉኝ።

ያመጧት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ጠዋት ስትነሳ ዓይኗ አብጦ አልከፈት ይላል። ከሰዓት በኋላ እብጠቱ ከፊቷ ይወርድና እግሯ ላይ ይገኛል፤ ካልሲዋን ሳስወልቃት የላስቲኩ ምልክት ቁርጭምጭሚቷ ላይ እንደ አምባር ጠልቆ ቀርቷል። አያቷ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ እያሹ ሲያጠጧትና ሲቀቧት ሁለት ሳምንት አልፏል። አልፈርድባቸውም። እኔም ልጅ እያለሁ ስንት ዳማከሴ ጠጥቻለሁ። ሽንቷስ ስል እናቷ አሰብ አደረጉና «ቀይ ሻይ ነው የሚመስለው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ምች ማውራት ቀረ።

ግፊቷ 142 በ94። በነገራችን ላይ ይህ የተለካው በልጅ ክንድ ልክ በተሠራ ማሰሪያ ነው። የትልቅ ሰው ማሰሪያ በቀጭን ክንድ ላይ ሲጠቀለል ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፣ ስንቱ ልጅ «ግፊቱ ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ እግዜር ይወቀው። ሽንቷ ላይ ፕሮቲን 3 ፕላስ፣ ደም 3 ፕላስ። በሽንት እየፈሰሰ የሚያልቀው የደም ፕሮቲን፣ አልቡሚን፣ ወደ 2.1 ወርዷል። ኩላሊት ማጣራት ሲያቅተው ደም ውስጥ የሚጨምረው ክሪያቲኒን 0.8፤ ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም፣ ለ11 ዓመት ልጅ ግን ከፍ ያለ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ጉሮሮዋን አሟት ነበር።

ጉሮሮ፣ ከዚያ እብጠት፣ ከዚያ ቀይ ሽንት፣ ከዚያ ግፊት። ይህን ቅደም ተከተል የሰማ የሕፃናት ሐኪም ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚያስበው፦ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሄደ በኋላ የሚመጣ የኩላሊት መቆጣት። እኔም እሱኑ አልኩ። ሲ3 አሠራሁ። ሲ3 የሰውነት መከላከያ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ውጊያ ሲኖር እየተበላ ያልቃል። የሷ 28 ሆኖ መጣ፤ ዝቅተኛው ልክ 90 አካባቢ ነው። ይሄም ከግምቴ ጋር ገጠመ። ወንድሙን ሲ4ን ላሠራ ስል «ሪኤጀንት የለም» ተባልኩ፣ የመመርመሪያው ኬሚካል አልቋል ማለት ነው። ተውኩት።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በስትሬፕቶኮከሱ ሕመም የሚወርደው ሲ3 ነው፣ ሲ4 አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። በሉፐስ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ይወርዳሉ። ሉፐስ ማለት የሰውነት መከላከያ ጠላትና ወዳጅ መለየት አቅቶት የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት ሕመም ነው፣ ኩላሊት ደግሞ ዋና ሰለባው ነው። ያቺ የአንድ ቀን ሪኤጀንት ብትኖር ይህ ጽሑፍ ግማሽ ይሆን ነበር።

የስትሬፕቶኮከሱ ሕመም በራሱ የሚለቅ ነው። ሲ3 ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ ጨው ይቀነስ ብዬ፣ የሚያሸና መድኃኒትና የግፊት መድኃኒት ከፔኒሲሊን ጋር ሰጥቼ በቀጠሮ ሸኘኋት። በመሃል ሁለት ጊዜ መጣች። እብጠቱ ቀነስ ብሏል፣ ሽንቷ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን አንዲት ፕላስ እንኳ አልወረደም። «ገና ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል» አልኩ። ያን ያህል ፕሮቲን ሳምንታት ሙሉ ሲፈስ ዝም ብሎ መጠበቅ አልነበረብኝም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሪኤጀንቱ ብቻ አይደለም።

የገና ሰሞን ነው ያነቃኝ። እናቷ ለበዓሉ ሹሩባ ሊያሠሯት ወስደዋት ኖሮ፣ ሠሪዋ አንዱን ጉንጉን ሳትጨርስ ጸጉሩ ከነሥሩ እጇ ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ደንግጣ «ይቺን ልጅ ሐኪም አሳያችኋት ወይ?» አለች አሉ። እኔ ስምንት ሳምንት ያላየሁትን እሷ በአምስት ደቂቃ አየችው።

ከዚያ እንደ አዲስ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር መረመርኳት። አፏን አስከፍቼ በእጅ ባትሪ ላንቃዋን ሳይ ቁስል አለ፤ ምንም አያማትም፣ ስለማያማት ለማንም አልተናገረችም። ጣቶቿን ስጫን ፊቷን ጨፈገገች። ጠዋት ጠዋት የዩኒፎርሟን ቁልፍ የሚቆልፉላት እናቷ እንደሆኑ ያን ቀን ነው የሰማሁት፣ «ሰንፋ ነው ብዬ» አሉ። ደሟ ሲታይ ሄሞግሎቢኗ 8.9፣ ፕላትሌቷ 105,000፣ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎቿም አንሰዋል። ክሪያቲኒኗ 1.3 ገብቷል። ሲ3 ያው 26። አሁን ሲ4 ተገኘ፣ እሱም ወርዷል።

ሉፐስ ሲጠረጠር የሚሠራው ኤኤንኤ የሚባል ምርመራ 1 በ80 ሆኖ መጣ። ይህ ቁጥር አናዳጅ ነው። የለም አይባልም፣ ጤነኛ ሰው ላይም ስለሚገኝ አለ ብሎ መጨበጥም ይከብዳል። ጠንከር ያለውና ለሉፐስ የተለየው የዲኤንኤ ፀረ አካል (ፀረ አካል የሰውነት መከላከያ የሚያመርተው የማጥቂያ ፕሮቲን ነው) ምርመራ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ነው የሚላከው፣ ሳምንታት ይፈጃል ተባለ። ክሪያቲኒኗ ግን ሳምንታት የሚጠብቅ አልነበረም። ወደ ከተማ ወደ አንድ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ወደ ልጆች የኩላሊት ስፔሻሊስት ላክኋት። ስፔሻሊስቷም አየቻትና «ባዮፕሲ» አለች፣ በመርፌ ከኩላሊቷ ናሙና ይወሰድ ማለት ነው።

ቃሉ ሲሰማ ቤተሰቡ ታመሰ። አጎቷ «ኩላሊቷን ሊወስዱባት ነው» የሚል ወሬ ከጎረቤት ይዞ መጣ። እናቷን አስቀምጬ በጣቴ ጠረጴዛ ላይ እየሣልኩ አስረዳሁ። አንድ ኩላሊት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ግሎሜሩለስ ይባላሉ፤ እያንዳንዱ እንደ ክር ልቃቂት የተጠቀለለ ቀጭን የደም ሥር ነው። መርፌው የሚወስደው ከነዚያ ሃያውን ሠላሳውን ነው። እናቷ ሰምተው ሰምተው «ከኩንታል ጤፍ ቁንጥር» አሉ። ከኔ ማብራሪያ ይሻላል።

በነገራችን ላይ ይህ ዘዴ በጣም አሮጌ አይደለም። ኢቨርሰንና ብሩን የሚባሉ ሁለት የኮፐንሃገን ሐኪሞች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1951 በመርፌ ኩላሊት ናሙና መውሰድን ለዓለም ያሳወቁት፣ ሕመምተኛውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ነበር የሚወጉት። ዛሬ ልጁ በሆዱ ይተኛል፣ ሆዱ ሥር ትራስ ይገባል፣ አልትራሳውንድ መርፌውን ይመራል፣ አብዛኛውን ጊዜ የግራ ኩላሊት የታችኛው ጫፍ ነው የሚወጋው። ከዚያ በፊት ግፊቱ መውረድ አለበት፣ ደም የመርጋት ምርመራው ደህና መሆን አለበት። ሚጡን ግፊቷን ለማውረድ ብቻ አራት ቀን አስተኟት።

ሁለት ክር ሥጋ ወጣ። እያንዳንዱ ከክብሪት እንጨት የቀጠነ ነው፣ ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ።

አሁን የጽሑፉ ዋና ጉዳይ ላይ ደረስን። እነዚህ ሁለት ክሮች አንድ ጠርሙስ ውስጥ መግባት የለባቸውም። አንዱ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ፎርማሊን ሥጋውን ያጠነክረዋል፣ ቅርጹን ይይዝለታል፣ በማይክሮስኮፕ ለሚታየው ለተለመደው ቀለም ጥሩ ነው። ሌላው ግን ፎርማሊን ፈጽሞ ሊነካው አይገባም። ወይ ወዲያው በረዶ መሆን አለበት፣ ወይ ሚሼልስ የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፣ ያ ፈሳሽ ናሙናውን ያለ በረዶ ለቀናት ያቆየዋል። ይህኛው ክር ለኢሙኖፍሎረሰንስ ነው።

ኢሙኖፍሎረሰንስ ምን ይሠራል? የተለመደው ቀለም ጉዳቱን ያሳያል፣ ይህኛው ጎጂውን ያሳያል። የማጣሪያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፀረ አካል ካለ፣ እሱን ብቻ ፈልጎ የሚይዝ ሌላ ፀረ አካል ይዘጋጃል፤ ጀርባው ላይ የሚያበራ ቀለም ይታሰርለታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት የተያዘው ቦታ አረንጓዴ ያበራል። ፀረ አካል ላይ የሚያበራ ቀለም የማሰርን ነገር የጀመረው አልበርት ኩንስ የሚባል የሃርቫርድ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1941። ያለዚህ ቀለም ጭራሽ የማይታወቅ የኩላሊት ሕመምም አለ። አይጂኤ ኔፍሮፓቲ የሚባለውን በርገርና ኢንግሌ ፓሪስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1968 ለይተው ያወጡት በዚሁ ዘዴ ነው።

የሚጡ ሁለተኛ ጠርሙስ ታዝዞ ነበር። ሳይመጣ ቀረ። መርፌው ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ፎርማሊን ብቻ ነው፣ አንድ ሰው በቅን ልቦና ሁለቱንም ክሮች እዚያው ጨመራቸው። አጎቷ ጠርሙሱን በጥቁር ፌስታል አድርጎ፣ ታክሲ ውስጥ እቅፍ አድርጎ ይዞ ላቦራቶሪ አደረሰው። እሱ ምን በወጣው። ማታ ስደውል «አንድ ጠርሙስ ነው የሰጡኝ» ሲለኝ እጄ ጭንቅላቴ ላይ ሄደ።

ስፔሻሊስቷ በሐቀኝነት ነው የነገረቻቸው። ድጋሚ መወጋት ሊያስፈልግ ይችላል አለች። እናቷ እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «ልጄ ወንፊት አይደለችም!» አሉና ቦርሳቸውን አነሡ። ትክክል ናቸው።

ለጊዜው ያለውን እንይ ተባባልን። ፓቶሎጂስቱ ወዳጄ ነው፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ማይክሮስኮፕ አለው፣ ቅዳሜ ከሰዓት አጠገቡ ተቀመጥኩ። 22 ግሎሜሩለስ አለ። ከ10 በላይ ከተገኘ ጥሩ ናሙና ነው። ቀጭን አድርጎ ቆርጦታል፤ ለኩላሊት ከ2 እስከ 3 ማይክሮን መሆን አለበት፣ ወፍራም ከተቆረጠ ያልተቆጣውም የተቆጣ ይመስላል።

መጀመሪያ ሮዝና ሐምራዊ የሚያደርገው የተለመደው ቀለም። ልቃቂቶቹ በሴል ታጭቀዋል፣ ደም የሚያልፍበት ክፍተት ጠፍቷል፤ ከ22ቱ 15ቱ እንዲህ ናቸው። አንዳንዱ ግድግዳ ደግሞ ወፍሮ ድርቅ ያለ ሮዝ ሽቦ መስሏል። ከዚያ ፒኤኤስ የሚባለው፣ ግድግዳዎቹን ደማቅ ወይን ጠጅ የሚያደርገው። ከዚያ የብር ቀለም፤ ግድግዳውን ጥቁር መስመር አድርጎ ያወጣዋል፣ አንዳንድ ቦታ መስመሩ እንደ ባቡር ሐዲድ ሁለት ሆኗል። መጨረሻ ትራይክሮም፤ ጠባሳውን ሰማያዊ ያደርጋል። ሰማያዊ ስንፈልግ የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ወዳጄ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳያነሳ «ደርሳችሁላታል» አለኝ።

ሦስቱ ማጣሪያዎች ግን በጎናቸው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የሴል ክምር አብቅለዋል። ያ የእሳት ምልክት ነው። ኩላሊቱ በቀናት ሊሄድ ስለሚችል ሌላ ነገር ሳይጠበቅ መቆጣትን የሚያበርደው ስቴሮይድ በከፍተኛ መጠን በደም ሥር ለሦስት ቀን ተጀመረላት።

ታዲያ ስሙ ምንድን ነው? ወዳጄ እዚህ ላይ ቆመ። እንዲህ ዓይነት ሥዕል ሉፐስም ይሥለዋል፣ ሄፓታይተስም፣ ልብ ውስጥ የተደበቀ ኢንፌክሽንም፣ ሲ3 ግሎሜሩሎፓቲ የሚባለውም፣ ያው እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስትሬፕቶኮከስም ሊሥለው ይችላል። ሕክምናቸው ደግሞ የተለያየ ነው፣ ኢንፌክሽን ያለበትን ልጅ የመከላከያ አቅሙን በመድኃኒት ለዓመታት ማዳከም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢና ሲ ተመርምራ ነጻ ነበረች፣ የልቧ አልትራሳውንድም ደህና።

ያን ጊዜ ነው ፕሮኔዝ የሚለው ቃል ከወዳጄ አፍ የወጣው። ፎርማሊን የሚያበላሸው ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ስለሚያቆላልፋቸው ነው፣ የሚያበራው ፀረ አካል የሚይዘውን ቦታ ያጣል። ሰም ውስጥ ከተቀበረው ከዚያው ናሙና አዲስ ቁራጭ ይወሰድና ፕሮኔዝ በሚባል ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ሲታጠብ፣ ቁልፉ ይፈታና ቦታው እንደገና ይገለጣል። ከትኩስ ናሙና ጋር አይተካከልም። በተለይ ሲ3ን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ግን ድጋሚ ከመወጋት ይሻላል። ሰሙ ተጠቅልሎ ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ተላከ።

አሥራ ሁለት ቀን ቆይቶ ምስሎቹ በቴሌግራም ደረሱን። ስልኬን ይዤ የክሊኒኩ መድኃኒት ማስቀመጫ ገባሁ፣ እዚያ ጨለማ ነው። የመጀመሪያው አይጂጂ የሚባለው የፀረ አካል ዓይነት፣ ጥቁር መሬት ላይ አረንጓዴ ልቃቂት። አሳድጌ ሳየው መስመር አይደለም፣ እህል ነው፤ ጤፍ እጅ ላይ ዘግነህ ጨለማ ውስጥ የበተንከው ይመስላል። ይህ ራሱ አንድ መልስ ነው። ፀረ አካሉ የግድግዳውን የራሱን ሥጋ ቢያጠቃ ኖሮ በብዕር እንደተሠመረ ልስልስ መስመር ነበር የሚታየው፣ የጤፍ ዓይነቱ ግን ፀረ አካሉ ከሚያጠቃው ነገር ጋር ተጣብቆ ጥቅሉ እንዳለ መከማቸቱን ነው የሚያሳየው። ስትሬፕቶኮከስም ጤፍ ይበትናል፣ እሱ ላይ የሚያበራው ግን በዋናነት ሲ3 ነው፣ አንዳንዴ አይጂጂ ይጨመርበታል።

ቀጣዩን ምስል ከፈትኩ። ሌሎቹ የፀረ አካል ዓይነቶች፦ አይጂኤ፣ ያበራል። አይጂኤም፣ ያበራል። የሲ3 ዘመድ የሆነው ሲ1ኪው፣ እንደ አይጂጂው ደምቆ ያበራል። ሲ3 ፈዘዝ ብሎ አለ፣ መፍዘዙን ደግሞ ፕሮኔዙ ይገልጸዋል። አምስቱም። የኩላሊት ሰዎች ይህንን ፉል ሃውስ ነው የሚሉት። ፉል ሃውስ ብቻውን ሉፐስ ነው ማለት አይደለም፣ አንዳንድ ኢንፌክሽንም ያመጣዋል፣ ለዚህ ነው የኤችአይቪውና የሄፓታይተሱ ምርመራ ቀድሞ ማለቁ ያን ያህል የጠቀመን። ከተነቀለው ጸጉር፣ ከላንቃው ቁስል፣ ከወረዱት ሲ3 እና ሲ4 ጋር ሲደመር ግን ሌላ ስም አልነበረውም። የሉፐስ ኔፍራይቲስ፣ አራተኛ ክፍል። አራተኛ የሚባለው ከማጣሪያዎቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ሲነካ ነው፣ የሷ 15 ከ22። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የሉፐስ መስፈርት ደግሞ ኤኤንኤ 1 በ80 ከደረሰ በሩ ይከፈታል፣ ባዮፕሲው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል ካለ ለብቻው 10 ነጥብ ይሰጣል፣ የሚያስፈልገውም 10 ነው። ያ አናዳጅ 1 በ80 በስተመጨረሻ ጠቀመን።

የዲኤንኤው ምርመራ ከሌላ ሳምንት በኋላ መጣ። ፖዘቲቭ። ማንም አልተደነቀም።

ሕክምናው ላይ ብዙ አልቆይም። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ እየተቀነሰ፣ የሰውነት መከላከያን የሚያበርደው ማይኮፌኖሌት፣ የግፊቱ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን። የመጨረሻው ድሮ ለወባ የተሠራ መድኃኒት ነው፣ አንድ ፋርማሲ ውስጥ «ይሄ የወባ ነው፣ ኮዬ ፈጬ ደግሞ ምን ወባ አለ?» ተብሎ እናቷ ሊመለሱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ዓይን ላይ ሊያመጣ ለሚችለው ጉዳት በየጊዜው የዓይን ሐኪም ታያለች። ስቴሮይዱ ፊቷን ሲያሳብጠው «ደግሞ ተመለሰብኝ?» ብላ አለቀሰች፤ ይህኛው እብጠት ከመድኃኒቱ መሆኑን፣ ሲቀነስ እንደሚሄድ ለማሳመን የበሽታውን ስም ከመናገር በላይ ጊዜ ወሰደብኝ። ፀሐይ ሉፐስን ስለሚቀሰቅስ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ባለ ሰፊ ጠርዝ ባርኔጣ ታደርጋለች፣ ለዚያም ከክሊኒካችን ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በስድስተኛው ወር ክሪያቲኒኗ 0.6። የሽንት ፕሮቲን ከክሪያቲኒን ጋር ያለው ንጽጽር ከ4.2 ወደ 0.5 ወርዷል። ሲ3 ወደ ልኩ ተመልሷል። ጸጉሯ አጭር ነው ግን ጠንክሯል፣ ሹሩባው ገና ይቆያል።

እኔ ክሊኒክ ውስጥ የለወጥኩት ሁለት ነገር ነው። ፊቱ ያበጠ ልጅ ሲመጣ አፉን አስከፍቼ ላንቃውን አያለሁ። ለባዮፕሲ የምልከው ልጅ ካለኝ ደግሞ ወረቀቱ ላይ በትልቁ «ሁለት ጠርሙስ» ብዬ እጽፋለሁ፣ ጠዋትም ደውዬ ሁለተኛው መድረሱን እጠይቃለሁ። እንደ ነዝናዛ ሳይቆጥሩኝ አልቀሩም።

ባለፈው ቀጠሮ ለእናቷ፣ ወደፊት ሕመሙ ከተቀሰቀሰ ሌላ ባዮፕሲ ሊያስፈልግ እንደሚችል ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሚጡ ባርኔጣዋን ጭና በሩ ጋ ቆማለች። እናቷ የመድኃኒቱን ፌስታል ቋጠሩና፣ «ያኛውን ጠርሙስ ከየት እንደሚገዛ ይጻፉልኝ፣ እኔው ራሴ ይዤ ነው የምገባው» አሉ።